ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የትኛውን ዋይፋይ ይያዝ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምፒውተር ሲከፈት የሚያውቃቸው ሁለት ሦስት ዋይፋዮች በአካባቢው ካሉ አንዱን መምረጥ አለበት። ይህን ቅደም ተከተል ተጠቃሚው የሚያስተካክልበት ገጽ መሥራት ቀላል ይመስላል። ስሞቹን ደርድሮ መገላገል! ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የቅድሚያ ቁጥር ማስገቢያ ከሰጠን ይበቃል»

የሚቀድመው ትልቁ ቁጥር ነው ወይስ ትንሹ? በብዙ ሊኑክሶች ላይ ግንኙነትን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማናጀር የተባለ ፕሮግራም ከ-999 እስከ 999 ይቀበላል፤ ትልቁ ያሸንፋል። ዊንዶውስ ላይ በኮማንድ (ትእዛዝ በመጻፍ) ስታስተካክሉ ደግሞ 1 ማለት አንደኛ ነው። እዚያው ኔትወርክ ማናጀር ውስጥ ዳታው በየትኛው ግንኙነት እንደሚሄድ የሚወስን ሜትሪክ የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ በእሱ የሚያሸንፈው ትንሹ ነው። አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ። ባዶ ሳጥን የቀረበለት ሰው ይህን ከየት ይወቀው?

ደግሞም 5 ብቻውን ምንም አይናገርም። ትርጉም የሚኖረው የሌሎቹ ቁጥር አብሮ ሲታይ ነው፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መስኮት ውስጥ ናቸው። ኔትወርክ ማናጀር ላይ ማንም ካልነካቸው ሁሉም 0 ናቸው። እኩል ሲሆኑ በቅርብ ጊዜ የተጠቀማችሁበት ይቀድማል። ገጹ ይህን ካልተናገረ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ ያሻውን የሚያደርግ ይመስለዋል።

«ኬብሉም ዋይፋዩም በአንድ ዝርዝር ይግቡ»

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይምታታሉ። አንደኛው፣ የዋይፋይ ካርዱ ከሚያውቃቸው ውስጥ የትኛውን ይያዝ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ኬብልና ዋይፋይ አንድ ላይ ተገናኝተው እያለ ዳታው በየትኛው ይሂድ የሚለው ነው። ሁለቱ አብረው መሥራት ስለሚችሉ አንዱን ከላይ ማድረግ ሌላውን አያጠፋም። ከላይ የጠቀስኩት ሜትሪክ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው፦ ኔትወርክ ማናጀር ለኬብል 100፣ ለዋይፋይ 600 ይሰጣል። ስለዚህ ኬብል ከሰካችሁ ዳታው በኬብል ይሄዳል። ማክ ይህን ቅደም ተከተል ከዋይፋይ ዝርዝር ለይቶ ያስቀምጠዋል። ልክ ነው።

«ቅድሚያ ያለው ኔትወርክ ብቅ ሲል ኮምፒውተሩ ራሱ ይዛወራል»

ባብዛኛው አይዛወርም። ቅድሚያው የሚታየው ኮምፒውተሩ ግንኙነት ፍለጋ ላይ ሲሆን ነው። አንዴ ከተገናኘ እዚያው ይቆያል። ምክንያትም አለው፤ በየደቂቃው ቢዘል የቪዲዮ ስብሰባው ይቋረጣል፣ እየወረደ ያለው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ዊንዶውስ 7 መዛወርን ለሚፈልግ ሰው ለብቻው ምልክት ማድረጊያ ነበረው። ዛሬም ገጽ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ከዝርዝሩ ለይታችሁ ጠይቁ።

«ሲግናሉ ጠንካራ የሆነው ይቅደም»

አጠገባችሁ ያለው የስልካችሁ ሆትስፖት ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ የሞባይል ዳታችሁም ያልቃል።

«መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ኔትወርክ አይገናኝም»

ይገናኛል። -999 ብትሰጡትም ሌላ ከሌለ እሱን ይይዛል። «መጨረሻ» እና «በጭራሽ» የተለያዩ ናቸው፤ ለሁለተኛው የራሱ ማጥፊያ ያስፈልጋል። ይህ የደኅንነት ጉዳይም ነው፦ የይለፍ ቃል የሌለውን ዋይፋይ ኮምፒውተሩ በዋናነት የሚያውቀው በስሙ ስለሆነ፣ ለራሱ ዋይፋይ ያንኑ ስም የሰጠ ማንም ሰው ኮምፒውተሩን ወደዚያ ሊያስገባው ይችላል።

«በማውስ እየጎተቱ ማስተካከል ለሁሉም ይመቻል»

እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም በኪቦርድ ብቻ ለሚሠራ ሰው አይመችም። በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 መጎተቱ የግድ ካልሆነ በቀር ሳይጎትቱ የሚሠሩበት መንገድ እንዲኖር ይጠይቃል። መመሪያው የተጻፈው ለድረ ገጽ ቢሆንም ለዴስክቶፕም ይሠራል። «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» የሚሉ ሁለት በተኖች ማከል ምን ይከብዳል?

«ሰው ስለማይነካው ጭራሹን ይቅር»

ግማሽ እውነት አለው። ዊንዶውስ 8 ዝርዝሩን ከሴቲንግ አውጥቶታል፤ ማክም በ2022 በወጣው ስሪት 13 ላይ ጎትቶ መደርደሩን አንስቷል። አብዛኛው ሰው ልብም አላለው። የሚፈልገው ሰው ግን አለ፤ ዊንዶውስ ላይ አሁንም በኮማንድ ይቸገራል።

እኔ ብሆን ቁጥሩንም ረጅሙን ዝርዝርም ትቼ ሦስት ምድብ እሠራለሁ፦ «ሁልጊዜ ቀዳሚ»፣ «መደበኛ»፣ «ሌላ ከሌለ ብቻ»። ሆትስፖቱ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። በአንድ ምድብ ውስጥ እኩል ሲሆኑ የቅርብ ጊዜው ይቅደም። ከታች ደግሞ አንድ መስመር፦ «አሁን ያለው ቢቋረጥ ቀጥሎ የሚያዘው ይህ ነው»።