እርሾ በመጽሐፍ ቅዱስ ምንድን ነው?

«በመጽሐፍ ቅዱስ እርሾ ሁልጊዜ የኃጢአት ምሳሌ ነው።» ይህች አባባል የማትገባበት ስብከት የለም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ገፋ አድርጎ፣ ጌታ «መንግሥተ ሰማያት እርሾን ትመስላለች» ባለበት በማቴዎስ 13፥33 ሴቲቱ በዱቄቱ የሸሸገችው እርሾ ቤተ ክርስቲያንን ውስጥ ውስጡን የሚያበላሽ የሐሰት ትምህርት ነው አለን። ታዲያ ጌታ መንግሥተ ሰማያትን በምን መሰላት? በብልሽት? ይህ አተረጓጎም አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የታተመው የአሜሪካዊው ሰባኪ የስኮፊልድ ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ በሰፊው አሰራጭቶታል። መሰራጨቱ ግን ልክ አያደርገውም።

ችግሩ ሰሙን (በምሳሌው የተጠቀሰውን ነገር ራሱን) ሳያዩ ወደ ወርቁ (ወደ ውስጡ ትርጉም) መሮጥ ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁም በለቀቀው ቦታ ይገባል። የወርቁ መልክ ሰሙ የነበረው መልክ ነው። ሰሙን በወጉ ሳይቀርጽ ወርቅ የሚያፈስ ሰው የሚያገኘው ድብልብል ነገር ነው። ደግሞም ከአንዱ ሰም ዛሬ መስቀል፣ ነገ ጉትቻ ይወጣል፤ ሰም ባየ ቁጥር «ይህ ጉትቻ ነው» የሚል አንጥረኛ የለም። (የቅኔ መምህራን እዚህ ላይ ይቆጡ ይሆናል፤ በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ከሌሎቹ የቅኔ መንገዶች፣ ከኅብርና ከውስጠ ወይራ፣ ተለይቶ ራሱን የቻለ መንገድ ነው፣ «ትመስላለች» ተብሎ በግልጽ የተነገረ ምሳሌ ሁሉ ሰምና ወርቅ አይባልም። ልክ ናቸው።)

እንግዲህ ሰሙን እንይ። በዚያ ዘመን እርሾ ማለት ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ እርሾ አይደለም፤ ከቀደመው ሊጥ ተቆንጥሮ የተቀመጠ ቁራሽ ነው። ከቡሃቃዋ ለቀጣዩ ሊጥ እርሾ የምታስቀር ባልትና አዋቂ ከብዙ ሰባኪ ይልቅ ይህን ትረዳዋለች። ከዚህ ቁራሽ አምስት ጠባይ ይወጣል፦ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይተላለፋል፣ ሳይታይ ይሠራል፣ ጥቂቱ ብዙውን ይለውጣል፣ ሊጡን ይነፋል፣ ያኮመጥጣልም። ተናጋሪው የትኛውን ጠባይ እንደያዘ የሚነግረን ከእርሾው ጋር ያስቀመጠው ግስ ነው።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 5፥7 «አሮጌውን እርሾ አስወግዱ» ሲል የያዘው የመጀመሪያውን ነው። በአይሁድ ፋሲካ ሰባት ቀን እርሾ ከቤት ሲወጣ የአሮጌው ሊጥ ሐረግ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቦካው በአዲስ ይጀመራል። ደረቅ እርሾን እያሰበ የሚያነብ ሰው «አሮጌ» የሚለው ቃል ለምን እንደገባ በጭራሽ አይገባውም። በገላትያ 5፥9 ደግሞ ነገሩ መጠን ነው፦ ጥቂቱ ሊጡን ሁሉ ያቦካል።

በማቴዎስ 13፥33 ግሱ «ሸሸገች» ነው፣ መጨረሻውም «ሁሉ እስኪቦካ ድረስ»። ሦስት መስፈሪያ ዱቄት አንድ ኢፍ (የጥንት ዕብራውያን መስፈሪያ) ነው፤ በዝቅተኛው ግምት 22፣ በከፍተኛው 39 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከ12 እስከ 23 ኪሎ ዱቄት። (የጥንት መስፈሪያዎች ስሌት አከራካሪ ስለሆነ አንዱን ቁጥር እንደ ቁርጥ የሚያቀርብ ሰው አትመኑ።) ለአንድ ቤት እራት ይህን ያህል አይቦካም፤ የድግስ ሊጥ ነው። አብርሃምም በዘፍጥረት 18፥6 ለእንግዶቹ ሣራን ያዘዛት ሦስት መስፈሪያ ነበር። ምሳሌው የሚናገረው ስለ ትንሹ ጅማሬና ስለ ትልቁ ፍጻሜ ነው፤ አስቀድሞ የተነገረው የሰናፍጭ ቅንጣት ምሳሌም ይህንኑ ይላል።

«እርሾ እኮ ከመሠዊያው ተከልክሏል» የሚል መልስ ይመጣል። አዎ፣ በዘሌዋውያን 2፥11። ግን እዚያው ቁጥር ላይ ማርም ተከልክሏል፤ ማር ኃጢአት ነው የሚል ሰው አልተገኘም። የእግዚአብሔር ፍርድ ከማር ይልቅ ይጣፍጣል የሚለው መዝሙር 19 (በግእዙ ዳዊት 18) ምን ሊሆን ነው? በዘሌዋውያን 7፥13 የምስጋና መሥዋዕት ከቦካ እንጀራ ጋር ይቀርባል፤ በ23፥17 በሃምሳኛው ቀን የሚቀርቡት ሁለቱ እንጀራዎች በእርሾ እንዲጋገሩ ታዟል። የግብፁ ቂጣም ቢሆን በዘጸአት 12፥39 የተሰጠው ምክንያት ኃጢአት ሳይሆን ችኮላ ነው፦ ሊጡ የሚቦካበት ጊዜ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ በቤተ ልሔም (ኅብስት በሚዘጋጅበት የቤተ ክርስቲያኑ ቤት) የምታዘጋጀው ኅብስት እርሾ የገባበት ነው። የላቲኑ (የሮም ካቶሊክ) ቤተ ክርስቲያን በቂጣ ይቀድሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1054 ሮምና ቁስጥንጥንያ ሲጣሉ ይህም አንዱ መከራከሪያ ነበር። «ሁልጊዜ ኃጢአት» የሚለው ወንድም ይህን ሁሉ ኅብስት ምን ሊለው ነው?

አንበሳም እንዲሁ ነው። በ1ኛ ጴጥሮስ 5፥8 የሚያገሣው አንበሳ ዲያብሎስ ነው፣ በራእይ 5፥5 ደግሞ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ክርስቶስ ነው። «አንድም» እያለ ፍችን የሚደራርበው የአንድምታው መንገድም አንዱን ቃል በአንድ ፍቺ አይቸነክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። «ከፈሪሳውያን እርሾ ተጠንቀቁ» የሚለው በየወንጌሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማቴዎስ 16፥12 ትምህርታቸው ነው ይላል፣ ሉቃስ 12፥1 ግብዝነት ይለዋል፣ ማርቆስ 8፥15 የሄሮድስን እርሾ ጨምሮ ሳይፈታው ያልፋል። ሦስቱን አቅልጦ አንድ ማድረግ ማርቆስ ያላለውን በአፉ ማስገባት ነው።