ፋር ኢስት ፋሚሊ ባንድ፦ ቶሎ የፈረሰው የጃፓን ባንድ እና ከእሱ የወጡት ሦስት ሰዎች

ፋር ኢስት ፋሚሊ ባንድን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጃፓናዊውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው ኪታሮን ግን ያውቃል፤ ስሙን ባያውቅ እንኳ ሙዚቃውን የሆነ ቦታ ሰምቶታል። ኪታሮ የወጣው ከዚህ ባንድ ነው። ለዚህም ነው ባንዱ ሁልጊዜ “ኪታሮ የነበረበት” እየተባለ ብቻ የሚነሳው። ይሄ ተገቢ አይመስለኝም። ኪታሮን ኪታሮ ያደረገው ድምፅ የተሞከረው እዚያው ባንድ ውስጥ ነው፤ ያንን ድምፅ ይዞ የወጣውም እሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩን የጀመረው ፉሚዮ ሚያሺታ ነው። ይዘፍናል፣ ጊታር ይጫወታል፣ ኪቦርድም ይነካል። በ1973 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፋር አውት ከሚባል ባንድ ጋር “ኒሆንጂን” የተባለ አልበም አወጣ። በሸክላው በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ አንድ ዘፈን፣ በቃ። ሮክ ጊታር ከኤሌክትሪክ ሲታር፣ ከጃፓን ዋሽንትና ከጃፓን ከበሮ ጋር ተቀላቅሎበታል፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና እያደገ ይሄዳል። ባንዱ ከዚህ አንድ አልበም አላለፈም። ሚያሺታ ግን አልተወም። ሌሎች ሰዎች ሰብስቦ ፋር ኢስት ፋሚሊ ባንድን መሠረተ።

አዲሶቹ አምስት ናቸው። ሂሮሂቶ ፉኩሺማ ጊታር፣ አኪራ ፉካኩሳ ቤዝ፣ ሺዙኦ ታካሳኪ ድራም፣ አኪራ ኢቶና ማሳኖሪ ታካሃሺ ደግሞ ኪቦርድ። ታካሃሺ ማለት ኪታሮ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው በጃፓን ታዋቂ ከሆነ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ነው። ልብ በሉ፣ ከስድስት ሰው ሦስቱ ኪቦርድ ይጫወታሉ። የባንዱ ዕጣ እዚሁ ላይ የተወሰነ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው አልበም በ1975 ወጣ። የጃፓንኛ ርዕሱ የተወሰደው ምድር ውስጧ ባዶ ነው ከሚለው አሮጌ ንድፈ ሐሳብ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ጥላ በጣም ወድቆበታል። ረጅም የሜሎትሮን (በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ኪቦርድ) ድምፅ፣ ዝግ ያለ ምት፣ የሚያለቅስ ጊታር። ደስ ይላል፤ ቢሆንም ጃፓን የተሠራ የእንግሊዝ ሙዚቃ እየሰማህ እንደሆነ ከአእምሮህ አይወጣም።

ነገሩን የለወጠው ክላውስ ሹልትሰ ነው። ሹልትሰ የበርሊን ልጅ ነው፤ ታንጀሪን ድሪም በተባለው የጀርመን ባንድ የመጀመሪያ አልበም ላይ ድራም መትቶ ብዙም ሳይቆይ የራሱን መንገድ የጀመረ፣ በጀርመን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከጠንሳሾቹ የሚቆጠር። ባንዱ የቀድሞ ዘፈኖቹን እንደገና ሠርቶ “ኒፖንጂን” በሚል አልበም ለጀርመን ገበያ ሲያቀርብ ሚክሱን የሠራው እሱ ነው። ከዚያ ስድስቱም ጓዛቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። በኦክስፎርድሻየር ገጠር ያለው፣ የቨርጂን ኩባንያ የነበረው ዘ ማነር ስቱዲዮ ገቡ፤ ፕሮዲውሰራቸውም ሹልትሰ ሆነ። በ1976 የወጣው “ፓራለል ወርልድ” የዚህ ውጤት ነው።

የባንዱ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ ለእኔ አያጠራጥርም። በተለይ አልበሙ ስሙን ያገኘበት ዘፈን። ርዝመቱ 30 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ ብቻውን ይይዛል። ቤዝና ድራም ይዘውት ይጓዛሉ፣ አይቸኩሉም። ሲንተሳይዘሮቹ (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥሩት ኪቦርዶች) በላዩ እየተግተለተሉ ይመጣሉ፣ አንዱ ሲርቅ ሌላው ይተካል፤ ጊታሩ ከፊት መቆሙን ትቶ ከመሃላቸው ይገባል። የመጀመሪያው አልበም ላይ ኪቦርድ አጃቢ ነበር፤ እዚህ ቤቱን ተረክቦታል። ኪታሮ የሲንተሳይዘርን ምስጢር ከሹልትሰ እንደተማረ ይነገራል፣ ስትሰማውም ያሳምናል።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ልጨምር። የኪታሮ ስም አብሮት የሚነሳው ሲንተሳይዘር በ1973 የወጣው ሚኒ ኮርግ 700 ነው። ትንሽ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። መቆጣጠሪያዎቹ ከቁልፎቹ በታች፣ ተጫዋቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ከእነሱ መሃል ጎን ለጎን የሚንሸራተቱ ሁለት ማንሻዎች አሉ፤ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሳል፣ ሌላው ቀጭኑን። አንድ እጅ ዜማውን ሲጫወት ሌላው እነሱን እያንሸራተተ ድምፁን ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። መሣሪያው እንደ ዋሽንት የሚተነፍሰው በዚህ ነው።

ከ“ፓራለል ወርልድ” በኋላ ኪታሮ፣ ኢቶና ታካሳኪ ወጡ። የቀሩት ሌላ ድራመር ይዘው በ1977 “ተንኩጂን” የተባለውን አልበም ሠሩ፤ አሜሪካም ወጣ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ያ ጉልበት የለውም። ባንዱም ብዙ ሳይቆይ አበቃለት።

ኪታሮ በ1978 የመጀመሪያ የግል አልበሙን አወጣ። በ1980 የጃፓኑ ኤንኤችኬ ከቻይና ቴሌቪዥን ጋር በሠራው የሐር መንገድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ሙዚቃው ተሰማና ስሙ ዓለምን ዞረ። “ሄቨን ኤንድ ኧርዝ” ለተባለው ፊልም በሠራው ሙዚቃ ጎልደን ግሎብ አግኝቷል፣ በ2001 ደግሞ ግራሚ። ኢቶም ሮክን ትቶ ለስለስ ወዳለ የሲንተሳይዘር ሙዚቃ አዘነበለ። ሚያሺታ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ይሄም ያንገበግበኛል። ቀሪ ዘመኑን ሕመምና ጭንቀትን ለማስታገስ የታሰበ ሙዚቃ ሲሠራ ኖሮ በ2003 አረፈ።

ሦስቱም ከሮክ ወጥተው ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ መንገዱ “ፓራለል ወርልድ” ላይ ቀድሞ ይሰማል። የሚያሺታና የኢቶ ሥራዎች በ2019 ላይት ኢን ዚ አቲክ የተባለ የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ባወጣው “ካንክዮ ኦንጋኩ” በተሰኘ የ1980ዎቹ የጃፓን አምቢየንት (ረጋ ብሎ ከበስተጀርባ የሚፈስ) ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ አብረው ገብተዋል። ስብስቡ ለግራሚ ታጭቶ ነበር።

መስማት ለሚፈልግ፣ ከ“ፓራለል ወርልድ” ሁለተኛ ገጽ ይጀምር፣ ሳያቋርጥ። ከዚያ ወደ ፋር አውት “ኒሆንጂን” ይመለስ። የ1975ቱን አልበም ለመጨረሻ ቢያቆየው ይሻላል፤ በመካከል ምን እንደተለወጠ ያኔ በደንብ ይገባዋል።