ከደም ግፊት የሚመጣ መጃጀት ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስም አይጠፋቸውም፤ የማን ልጅ መቼ ክርስትና እንደተነሳ ሳይቀር ይነግሩሃል። ባለፈው እሁድ ግን ቡና ቆልተው፣ አስወቅጠው፣ የጀበናው ውሃ እየተንተከተከ የተወቀጠውን ይዘው ቀሩ። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጠፋቸው። ልጃቸው «እማዬ አርጅታለች እኮ» ብላ አለፈችው። እኔ የጠረጠርኩት ግፊታቸውን ነው።

ሐኪሞች ቫስኩላር ዲሜንሺያ የሚሉት ነገር አለ። የአንጎል ደም ስሮች ተጎድተው የማሰብ አቅም ሲደክም ማለት ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ወደ ውስጥ የሚገቡት ቀጫጭን ደም ስሮች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ መተላለፊያቸው ይጠባል። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ ታች ቤት ውሃ እየመጣ እሱ ጋ ጠብ አይልም። የአንጎል ጥልቁ ክፍልም የመስመሩ ጫፍ ነው። አንዳንዴ ቀጭኗ ስር ጭራሽ ትዘጋና ሰውየው ሳያውቀው ትንሽ ስትሮክ ይመታዋል።

ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ስም ማስታወስ ሳይሆን ቅደም ተከተልና ፍጥነት የሆነው። ሌላው የመጃጀት በሽታ፣ አልዛይመር፣ በአብዛኛው የቅርብ ጊዜውን ከማስረሳት ይጀምራል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡም አለ።

ደግሞ ነገሩ በእርጅና አይጀምርም። ጉዳቱን በይበልጥ የሚያከማቸው በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ሳይታከም የቆየ ግፊት ነው። «ራሴን አላመመኝም፣ ግፊት የለብኝም» የሚባለው አይሰራም፤ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

መታከሙስ ይጠቅማል? አሜሪካ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት ስፕሪንት የሚባል ጥናት ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ የላይኛው ቁጥራቸው ከ120 በታች እንዲወርድ የታከሙት ከ140 በታች ከተባሉት ይልቅ መለስተኛ የማሰብ መዳከም 19 በመቶ ያህል ቀንሶባቸዋል። ዋናው ዲሜንሺያ፣ ማለትም መጃጀቱ ራሱ ላይ ግን ልዩነቱ አሳማኝ አልነበረም።

እሳቸውን አስለካናቸው። የላይኛው 178። ኪኒኑስ ስላቸው ከብርጭቆ መደርደሪያው ጀርባ ሙሉ ፓኬት አወጡ።

«ለባሰብኝ ቀን ነው ያስቀመጥኩት» አሉ።