ባትሪው ደህና ሆኖ መኪና አልነሳ ሲል

መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥርጣሬው ልክ ይሆናል። ይሁንና ባትሪው ተሞልቶ፣ አልፎ ተርፎም በአዲስ ተቀይሮ፣ መኪናው እንደዘጋ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል፤ ምክንያቱም ምልክቱ ሳይታይ ዕቃ መቀየር ይጀመራል።

ባትሪው ደህና ነው ለማለት የፊት መብራቱ መብራቱ አይበቃም። ሬዲዮና መብራት የሚፈልጉት ጥቂት አምፔር ነው፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ተራ የቤንዚን ሞተር ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። የሚታመነው ቮልት የሚለካው ቴስተር ነው። ሙሉ ባትሪ መኪናው አርፎ ከቆየ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለም ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ቁልፉ ሲዞር ቁጥሩ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ደግሞ ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ይህ ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው። ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ሞተሪኖ መቀየር ትርጉም የለውም፤ ጭራሽ የማይዞር ከሆነም ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ መፍታት ድካም ብቻ ነው።

ሞተሩ ካልዞረ ፍተሻው ከባትሪው ራስ ይጀምራል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የያዘ ወይም የላላ ማሰሪያ መብራት የሚያበራ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ የሞተሪኖውን ግን ያፍናል። ተከታታይ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ከኔጌቲቩ ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደው ወፍራም ሽቦም በእኩል መታየት ሲገባው ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ሽቦው ወይም ማሰሪያው ታሟል።

አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ጣት ወደ ሞተሪኖው ይጠቁማል። በተለይ ብዙ ቶዮታዎች ላይ በሚገኘው የዴንሶ ሞተሪኖ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ሲያልቁ ምልክቱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ በኋላ ዘወትር። ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት መገናኛዎቹን ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ሲመታ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ በሞተሪኖው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቆ ሊሆን ይችላል። ምቱ ቤት ያደርሳል እንጂ ጥገና አይደለም።

ምንም ድምፅ ከሌለ ተራው የፊዩዝ፣ የሪሌ፣ የቁልፍ ማዞሪያውና የማርሽ ስዊቹ ነው፤ ሪሌ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝ ማብሪያ ነው፣ የማርሽ ስዊቹ ደግሞ ማርሹ በቦታው ካልሆነ ሞተሩ እንዳይነሳ ይከለክላል። አውቶማቲክ መኪና በመቆሚያው «ፒ» እምቢ ብሎ በዜሮ ማርሹ «ኤን» ከተነሳ ጥፋቱ ማርሽ ስዊቹ ጋ ነው። ማንዋል ከሆነና ተገፍቶ በሁለተኛ ማርሽ ከተነሳ ነዳጁም እሳቱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ በሞተሪኖው በኩል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማስነሻ በ1912 እ.ኤ.አ. በካዲላክ ላይ ሳይገጠም በፊት አብዛኛው ሞተር በእጅ እየተዞረ ይነሳ ነበር። የዛሬ መኪና ግን ያንን ዕድል አይሰጥም፤ አውቶማቲኩ በመገፋትም አይነሳም።

ሞተሩ እየዞረ ካልነሳ የጎደለው ነዳጅ፣ እሳት ወይም እመቃ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን መጭመቁ ነው። ቁልፉ እንደተከፈተ በብዙ የቤንዚን መኪና ከኋላ ወንበር ስር ለሁለት ሴኮንድ ያህል የነዳጅ ፓምፕ ድምፅ ይሰማል፤ ዝም ካለ ፊዩዙንና ሪሌውን ማየት ነው። ታንክ ውስጥ የሚቀመጠው ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነ፣ ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ታንኩን እስከ ጠብታው እያሟጠጡ መንዳት ዕድሜውን ያሳጥራል። ሲሞቅ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀውን የክራንክ ሴንሰር ያስጠረጥራል። ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ ግን ቁልፉን መልቀቅ ያስፈልጋል፤ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው የታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሶ ከሆነ በአንዳንድ ሞተር ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ መደጋገሙም ጉዳቱን ያብሳል።

ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪናና ቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል ኮምፒውተሩ ቁልፉን አላወቀውም። በተለመደው ባለ ብረት ቁልፍ ውስጥ ያለችው ቺፕ የራሷ ባትሪ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ የሪሞቱን ባትሪ መቀየር አይፈታውም። ትርፍ ቁልፉን መሞከር ይቀድማል።

በናፍታ መኪና ካንዴላው ለማሞቂያ እንጂ ለእሳት አይደለም። የነዳጅ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ብቻውን ያስቆመዋል፤ በእጅ ፓምፕ ማስወጣት ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ መጥቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ነገር ግን ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው ጨርሶ ላይነቃ ይችላል። ኮምፒውተሮቹንና የትልቁን ባትሪ ማገናኛዎች የሚያነቃው ያችው የ12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ናትና፣ የምትለካው መጀመሪያ እሷ ናት።