በፈረንሳይኛ ግስ ውስጥ ክፍለ ቃል ምንድን ነው?

«የአናባቢ ፊደላቱን ቍጠሩ፤ የክፍለ ቃሉን ብዛት ታገኛላችሁ» የሚለው ምክር ለፈረንሳይኛ ተማሪዎች ሲሰጥ ደግሜ ስላየሁ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ክፍለ ቃል፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ድምፅ ዙሪያ የሚነገር የቃል ክፍል፣ የሚቈጠረው በጆሮ እንጂ በዓይን አይደለም፤ በግስ እርባታ ላይ ደግሞ ዓይንና ጆሮ እጅግ ይራራቃሉ።

«ኢል ፓርል»፣ ማለትም «ይናገራሉ»፣ ሲጻፍ ግሱ ሰባት ፊደላት አሉት፤ በመስመር መጨረሻ ቢቈረጥም ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሲነገር ግን አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ኧ፣ ኤን እና ቴ የብዙ ቍጥር ምልክት እንጂ ድምፅ አይደሉምና። «እነዚሁ ፊደላት በሌሎች ቃላት ይነበባሉ» ብሎ የተከራከረኝ ሰው «ሌ ፑል ዱ ኩቫን ኩቭ» የሚለውን የታወቀ ምሳሌ ይመልከት፦ «የገዳሙ ዶሮዎች ይታቀፋሉ»። «ኩቫን» እና «ኩቭ» ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ የፊተኛው ስም ስለሆነ ሁለት ክፍለ ቃል፣ የኋለኛው ግስ ስለሆነ አንድ ነው።

ሳድስን ለለመደ አንባቢ ይህ ሊከብድ አይገባም። «ብርድ» ሦስት ሳድስ ፊደላት አሉት፤ አናባቢ የሚሰማው ግን በ«ብ» ላይ ብቻ ነው። የፈረንሳይኛው ኧም እንዲሁ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል። «እንጠራለን» ሲባል ተውጦ «ኑ ዛፕሎን» ይሆናል፤ «እጠራለሁ» ሲባል ግን የግሱ ማብቂያ ድምፅ ስለሌለው ያው ኧ በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ይወድቃል፣ መዋጥም ስለማይችል ወደ «ኤ» ተለውጦ «ዣፔል» ይባላል። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይላላል፤ የእኛ ሳድስ ኀምስ አይሆንም። ሆኖም ተማሪዎች እንደ ልዩ ሁኔታ የሚሸመድዱት በ«ዣፔል» አጻጻፍ ላይ ያለው የ«ኤል» ፊደል መደገም፣ በ«ዣሼት» («እገዛለሁ») ላይ የሚታየውም የአነባበብ ምልክት፣ ሁለቱም ይህንኑ ለውጥ የሚያሳዩ ናቸው።

የ«ኤል» መደገም ጥብቀትን አያመለክትም። በ«መሮጥ» ግስ ግን «ኢል ኩሬ» («ይሮጥ ነበር») እና «ኢል ኩርሬ» («በሮጠ ነበር») የሚለዩት በ«ር» መጥበቅ ነው። በማርሴይና በደቡብ ፈረንሳይ በሌላ ቦታ የሚዋጠው ኧ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ በጥንታዊው ግጥምም ከተነባቢ በፊት ሲመጣ ይቈጠራል።

የክፍለ ቃል ወሰን የቃል ወሰንንም ይሻገራል። «ይወዳል» ሲነገር «ኢ-ሌም»፣ «ይወዳሉ» ሲነገር «ኢል-ዜም» ነው። በመጨረሻው የተጻፈው የብዙ ቍጥር ምልክት አይሰማም፤ ወዳጆቹ ብዙ መሆናቸውን ለጆሮ የሚነግረው ከተውላጠ ስሙ ተነሥቶ በግሱ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው የ«ዝ» ድምፅ ነው።