ወተቱ ለምን ዘገየ?

ደሴ ውስጥ አራስ ጥየቃ ሲኬድ «ወተቷ ገና አልወረደም» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል፤ ወዲያው አጥሚቱ ይወፍራል፣ አብሽ ይታዘዛል። በሁለተኛው ቀን ግን ነገሩ አያስደነግጥም።

ወተት እንዲመረት የሚያዘው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ነው። ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ይመነጫል፤ በእርግዝና ወራት መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ታዲያ ነፍሰ ጡሯ ለምን ወተት አይወርዳትም? የእንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ፕሮጄስትሮን ስለሚያግደው ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ እገዳው ይነሳል፤ ወተቱ በብዛት የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ የሚወጣው ወፍራሙ እንገር ነው። ጥቂት ቢሆንም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ስለሆነ፣ ተጨምቆ የሚደፋበት ቤት መኖሩ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ሆርሞን ኦክሲቶሲን ነው። ወተት አይሠራም፤ የተሠራውን ይገፋል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ገና ሳይጠባ የእናቲቱ ቀሚስ የሚረጥበው በእሱ ነው። ማህፀንንም ስለሚያኮማትር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስታጠባ ሆዷን ይቆርጣታል። ድንጋጤና ሕመም ያዘገዩታል፤ ጠያቂ በታጨቀበት ክፍል ወተቱ እንቢ ቢል አይገርምም።

ፕሮላክቲን ጡት በተጠባ ቁጥር፣ በተለይም ሌሊት፣ ከፍ ይላል። አጥሚቱ እናትን ያበረታል እንጂ የሌሊቱን ማጥባት አይተካም። አራተኛው ቀን አልፎም ካልወረደ ወይም የሕፃኑ ሽንት ካነሰ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።