ነፍሳትን ከልጆች ጋር በቤት ውስጥ ማሳደግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚያድግ ልጅ ከሎሚ ዛፍ ላይ ትል ወይም ከሣር ውስጥ ፌንጣ ይዞ ወደ ቤት ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ቃል «ጣለው!» የሚል ነው። ወላጆች ይህን የሚሉት ከሥጋት በመነሣት ሲሆን፣ ሥጋቱ በከፊል ተገቢ፣ በከፊል ደግሞ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣ ግምት የተወለደ ነው። የትምህርት መጻሕፍት ሦስት አፅቄ የሚሏቸውን እነዚህን ፍጥረታት ከልጆች ጋር ለማሳደግ ለሚያስብ ቤተሰብ ሁለቱን መለየት ይጠቅማል።

«ትል ከበሰበሰ ነገር በራሱ ይፈጠራል»

ይህ እምነት በእኛ ዘንድ ብቻ የነበረ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ሥጋ በማሰሮዎች አስቀምጦ አንዳንዶቹን ክፍት እስኪተው፣ ሌሎቹንም በስስ ጨርቅ እስኪሸፍን ድረስ በአውሮፓ የነበሩ ብዙ ምሁራንም እንደዚሁ ያምኑ ነበር። ትል የታየው ዝንብ ሊያርፍበት በቻለው ሥጋ ላይ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ትሉን ያመጣው የዝንቧ እንቁላል እንጂ ብስባሴው እንዳልሆነ ታወቀ። ሙከራውን በባሕር ዳር ለመድገም ከዓሣ አስጋሪዎች የሚገኝ የቆሮሶ ጭንቅላትና ሁለት ጣሳ ይበቃል፤ አንደኛው ጣሳ ክፍት ሆኖ፣ ሁለተኛው በሻሽ በጥብቅ ታስሮ ከቤት ራቅ ባለ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በሞቃት ወቅት የዝንብ እንቁላል በአንድ ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል ልጆች ውጤቱን ለማየት ብዙ አይጠብቁም። ሽታው ግን ጎረቤት የሚያስቀይም በመሆኑ ቦታውን አስቀድሞ ማሰብና ሲያበቃም አዋቂ ሰው አርቆ እንዲቀብረው ማድረግ ያስፈልጋል። ማንጎ ሲቆረጥ የሚገኘውም ትል እንዲሁ ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ስለምትጥል ፍሬው ከውጭ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

«አረንጓዴ ቅጠል ካገኘ ማንኛውም ትል ያድጋል»

በቤት ውስጥ የሚያዙ ነፍሳት በብዛት የሚሞቱት በዚህ ስሕተት ይመስለኛል። የአብዛኞቹ ቢራቢሮዎች እጭ፣ ማለትም ከእንቁላል የሚወጣው ትል፣ የሚበላው የአንድን ተክል ወይም እርስ በርስ የሚዛመዱ ጥቂት ተክሎችን ቅጠል ብቻ ነው፤ ያ ቅጠል ከሌለ ጎመንና ሣር ተከምሮለት በረኀብ ይሞታል። ስለዚህ ልጅን ማስተማር የሚጀመረው ከትሉ ሳይሆን ከቅጠሉ ነው፤ ትሉ የተገኘበት ተክል ካልታወቀ እዚያው እንዲቆይ መተው ይሻላል።

በጣና አካባቢ ለመጀመር የሚመቸው ሎሚ ነው። ሎሚ በዘጌ ከቡናውና ከጌሾው ጋር፣ በከተማውም በብዙ ግቢዎች ይበቅላል፤ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ትልቅ ቢራቢሮ ደግሞ እንቁላሏን ለጋ በሆኑት የሎሚና የብርቱካን ቅጠሎች ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሽ እጭ ቡናማና ነጭ በመሆኑ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ይህም ከሚለቅሙት ወፎች ይሰውረዋል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ በጣት ሲነካም ከራሱ ኋላ መንታ የሆነ ብርቱካናማ ቀንድ መሰል ነገር አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ይረጫል። ልጆች በዚህ እጅግ ይደሰታሉ፤ ሽታው ግን የጠላት መከላከያ እንጂ መርዝ አይደለም። የሎሚውን ቅርንጫፍ ውኃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ሲያቆሙ የዕቃውን አፍ በጥጥ መድፈን ይገባል፤ ያለዚያ እጩ በግንዱ ወርዶ ይሰጥማል። ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉንም ሊፈጅ ይችላል።

በጉሎ ቅጠል የሚያድግ የሐር ትልም አለ፤ በኢትዮጵያ የሐር ልማት ምርምር ከሚያደርጉት ተቋማት አንዱ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ጉሎ በየቦዩ ዳር የሚበቅል በመሆኑ ቅጠሉን ማግኘት አያስቸግርም፤ ፍሬው ግን ለሰው መርዛማ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች እንዳይለቅሙትና ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት መጠበቅ ግድ ነው።

«ትል ሁሉ ያቃጥላል» የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ «አባ ጨጓሬ ቢያሳክክ እንጂ አይጎዳም» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለስላሳ ገላ ያላቸው ብዙዎቹ እጮች ቆዳን አይጎዱም፤ ጠጉር ወይም እሾህ ያለው ግን ጠጉሩ ተሰብሮ ቆዳ ውስጥ ስለሚቀር፣ ዓይን ከገባም ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም። ለልጅ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ቢሆን ይመረጣል፦ ጠጉራም ከሆነ በዓይን ብቻ። ሸረሪትና ጊንጥ ስምንት እግር ስላላቸው ከነፍሳት ወገን አይቆጠሩም፤ ጊንጥማ በቤት የሚያዝ አይደለም።

«ነፍሳት ማሳደግ ወባ ያመጣል»

ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ በመሆኑ ይህን ሥጋት በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ሆኖም ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ ስትሆን የምትራባውም ውኃ ላይ ነው፤ ቅጠልና እጭ የያዘ ደረቅ ሃይላንድ ለትንኝ ምንም አይጠቅማትም። መጠንቀቅ የሚገባው ውኃ ለያዘው ዕቃ ነው። በሞቃት አየር ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚበቃት፣ ቅርንጫፍ የቆመበትን ውኃ ሳምንት ሳይሞላው መድፋት በቂ ነው። ሲደፋ እጭ ከተገኘበት ልጆችን ጠርቶ ማሳየት እንጂ ማሸሽ አያስፈልግም፤ የአኖፊለስ እጭ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲተኛ፣ የሌሎቹ የተለመዱ ትንኞች እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል። ይህን በዓይን መለየት የቻለ ልጅ የግቢውን ጣሳና ጎማ ራሱ እየዞረ መድፋት ይጀምራል።

በእኔ ግምት ከወባው ይልቅ የሚዘነጋው ሐይቁ ነው። የውኃ ተርብ እጭ ለመያዝ ልጆች ወደ ጣና ዳርቻ ሲገቡ ለቢልሃርዝያ ይጋለጣሉ፤ የበሽታው ተሐዋስ በውኃው ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባልና። የውኃ ተርቦች በደንገሉ ላይ ሲያርፉ ከደረቅ መሬት ሆኖ መመልከት ይቻላል፤ እነርሱም አይናደፉም፣ ይልቁንም ትንኝ ይበላሉ።

«ፌንጣ ማርባት የአንበጣ መንጋ ያመጣል»

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣው በምሥራቅ አማራ ያደረሰውን ጥፋት የሰማ ሰው ይህን ቢፈራ አያስገርምም። የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳመለከተው ተበታትኖ የሚኖረውና መንጋ ሆኖ የሚጓዘው አንበጣ የአንድ ዝርያ ሁለት ገጽታዎች ሲሆኑ፣ ለውጡን የሚያመጣውም መጨናነቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ባሕርይ ያላቸው ዝርያዎች ጥቂት ናቸው፤ በግቢ ሣር ውስጥ የሚዘለው ተራ ፌንጣ ወደ መንጋ አይለወጥም። ፌንጣ እንደ ቢራቢሮ ሽፋን ውስጥ ተኝቶ የሚቆይበት ደረጃ የለውም፤ ቆዳውን ደጋግሞ እየጣለ ክንፉ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። ልጆች የተጣለውን ቆዳ ለቅመው በወረቀት ላይ በየተራ ቢለጥፉት የዕድገቱ መዝገብ ይሆናቸዋል።

«ቢራቢሮዋ ከሽፋኗ ስትታገል ማገዝ ደግነት ነው» የሚለውም ይጎዳታል። ከወጣች በኋላ የተጨማደደ ክንፏን የምትዘረጋው ከገላዋ ፈሳሽ እየገፋች ስለሆነ፣ በጣት ቀድሞ መቅደድ ክንፏን ሊያጎብጠው ይችላል። ከዚያም ተንጠልጥላ እስክትደርቅ ቦታ ትፈልጋለች።

«ነፍሳት አየር እንዳያጡ ክዳኑ መበሳት አለበት» በሚል ብዙዎች ቀዳዳ በመብሳት ብቻ ይረካሉ። በቤት ውስጥ ቶሎ የሚገድላቸው ግን ሻጋታና ፀሐይ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት መስኮት ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ በአጭር ጊዜ ይግላል። የሃይላንዱን አናት ቆርጦ በሻሽ ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ መሸፈን፣ ኩሱንም በየቀኑ መጥረግ ይሻላል። ያደገችው ቢራቢሮ እንቁላሏ ወደተገኘበት ሎሚ ትመለስ፤ የሐር ትል የእሳት ራት ግን ከሰው እጅ ውጭ መኖር ስለማይችል ውጭ አይለቀቅም።